ሺህ ዙርና የወንድሟ ጊታር

በሞተር ጥገና ቤቱ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ የመዝገብ ስሟን የሚያውቁት መታወቂያ ወረቀቷና ባሏ ብቻ ነበሩ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሁሉ «ሺህ ዙር» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። የተቃጠለ ሞተር ወደ ግቢው ሲገባ፣ የከሰለውን የመዳብ ሽቦ ከሆዱ ጎልጉሎ ማውጣት የጎረምሶቹ ድርሻ ነበር፤ አዲሱን ሽቦ ዙር በዙር ጠምጥሞ ነፍስ መዝራቱ ግን የእርሷ ነበር።

የምትጠመጥምበት የእጅ ማሽን ቁጥር ማሳያው ከተሰበረ ዘመን አልፎታል። ስለዚህ በአፏ ትቆጥራለች፤ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ከግራው ሳህን አንሥታ ወደ ቀኙ ትወረውራለች። በቆጠራ መካከል የመጣ ሰው፣ የክፍሉ ኃላፊም ቢሆን፣ መልሱን የሚያገኘው በቁጥሮች መካከል ተሸጉጦ ነው። «ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት፣ ደኅና ነኝ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፣ መፍቻው መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት፣ በሩን ዝጋው!» ጎረምሶቹ ሊያሳስቷት እያሉ የሐሰት ቁጥር ከኋላዋ እየጮኹ ያልፉ ነበር። እርሷ ዞር ብላ እንኳ ሳታያቸው ትቀጥላለች።

ጡረታ ስትወጣ ያንኑ ማሽን ሸለሟት፤ ሌላ ፈላጊ አልነበረውምና። በጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ በብሎን አሰረችው። ጡረተኛ ፖስተኛ የሆነው ባሏ ማሽኑን «ትልቁ ባልሽ» ይለው ጀመር።

«ትልቁ ባልሽ ዛሬ ምን አለሽ?» ይላታል ጋዜጣውን እያገላበጠ።

«ካንተ ይሻላል። ሲያዞሩት ይዞራል» ትለዋለች።

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟ ጊታሩን በጨርቅ ቦርሳ አንግቶ፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያውን በእጁ አንጠልጥሎ መጣ። ይህ ወንድሟ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነው። በሥራ ቀን ልጆችን ሒሳብ ያስተምራል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በአንድ ሆቴል አትክልት ቦታ ከሰባት ሰዎች ባንድ ጋር ጊታር ይጫወታል። ሒሳቡ መተዳደሪያው ነው፤ ነፍሱ ያለችው ግን እሑድ ላይ ነው። ዕቃውን አስቀምጦ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ እኮ በቀይ የተሰረዘ ደብተር መስሏል።»

«ማስትሮ አባረረኝ፣ እቴቴ። ማለቴ፣ ሊያባርረኝ ነው።»

ማስትሮ የሚሉት የባንዱን መሪ ነው፤ ስልሳውን ያለፈ፣ ባርኔጣውን ከጭንቅላቱ ሳክስፎኑን ከደረቱ የማይለይ ሰው።

«ምን አድርገህ?»

«እኔ ምንም! ጊታሩ ነው። ዜማው ሊጀመር ሰው ሁሉ ጸጥ ሲል እሱ እምምም ይላል። ገና አንድ ዘፈን ሳናገባድድ ክሩ ይላላል። ማስትሮ ትናንት አስቁሞን ‘ወይ ይህ ሣጥን ማጉረምረሙን ይተው፣ ወይ አንተ ወንበሩን ልቀቅ’ አለኝ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው የሰጠኝ። አዲስ ጊታር ያለው አንድ ወጣትም ለዚያው ቀን ተጠርቷል። በሰው ፊት፣ እቴቴ! ከበሮ መቺው ሳይቀር ሣቀ።»

«ከበሮ መቺው ደግሞ በምን አፉ ይሥቃል?» አለች ሺህ ዙር። «በል ሰካውና ልስማው።»

ወንድሟ ጊታሩን ከቦርሳው አወጣው። ቀይና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ርካሽ ጊታር መሆኑን ከሩቅ የሚያይ ሰው አይጠረጥርም። ማጉያው እንደ በራ ግን ክፍሏን ጉርምርምታ ሞላት። እርሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«ይህማ የመብራቱ ድምፅ ነው። የማውቀው ድምፅ ነው። ከባሌ ማንኮራፋት አስበልጬ አውቀዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ!» አለ ባሏ ከሳሎን።

«እንድትሰማ ነው!» አለችና የወንድሟን ስልክ ተቀብላ ለማስትሮ ደወለች። ወንድሟ እጇን ሊይዝ ሲነሣ በዓይኗ መልሳ አስቀመጠችው።

«ማስትሮ፣ የዚህ የጊታር ተጫዋችዎ እኅት ነኝ። ጊታሩን እኔ እሠራዋለሁ።»

«እትዬ» አለ ማስትሮ በትሕትና፣ «ሞያዎን ሰምቻለሁ። ጊታር ግን ሞተር አይደለም።»

«ሽቦ ያው ሽቦ ነው። ቅዳሜ ቢያጉረመርም እኔው ራሴ መጥቼ ከመድረኩ አወርደዋለሁ።»

«ጊታሩን ነው ወንድምዎን?»

«ሁለቱንም።»

ስልኩን ስትዘጋ ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ብርሃኑ ከጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ፣ ነጭ አንሶላ ዘረጋችና ጊታሩን በጀርባው አስተኛችው። ክሮቹን አላልታ አወጣች፤ የፊቱን ፕላስቲክ ክዳን ፈትታ እንደ መጽሐፍ ገለበጠችው። ሺህ ዙር አንድ ልማድ ነበራት፤ ያልሣለችውን ነገር አትነቅልም። አሮጌ ደብተር አውጥታ እያንዳንዱን ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ቀለሙን ጭምር፣ በእርሳስ ሣለች። ከዚያ በኋላ ነው መበየጃዋን ያሞቀችው።

ያየችው ነገር አላስደሰታትም። ከክሮቹ ሥር ሦስት ጥቅሎች ተደርድረዋል፤ የክሩን መንቀጥቀጥ ወደ ድምፅ የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። የመካከለኛውን ሁለት ጫፍ በቴስተር ብትነካው መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሞቷል። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ የአሻንጉሊት ይመስላሉ፤ ሲያዞሯቸው አሸዋ እንደ ገባበት ነገር ይንኮሻኮሻሉ። የብየዳው ሊድ እንደ ደረቀ ማስቲካ ተለጥፎ ነበር እንጂ አልያዘም። የገመዱ መሰኪያ ይወዛወዛል። የክር መወጠሪያዎቹማ እንደ ሽማግሌ ጥርስ በየቦታቸው ይነቃነቃሉ።

«ይህን የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር» አለች። «እንጨቱ ግን ቅን ነው። አንገቱም ቀጥ ያለ ነው። ሌላው ይለወጣል።»

ረቡዕ ወደ ኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ሄደች። ባለ ሙሉ መጠን መቆጣጠሪያዎች፣ ጠንካራ መቀያየሪያና መሰኪያ፣ በጀርባው ማጣበቂያ ያለው ስስ የመዳብ ወረቀት፣ ስድስት አዳዲስ መወጠሪያዎች አስወጣች። ባለመደብሩ የጊታር ጥቅል ተሠርቶ እንደሚሸጥ ሲነግራት፣ ዳቦ ግዢ እንደ ተባለች ዳቦ ጋጋሪ ቅር ብሏት አየችው።

«ጥቅል? እኔ?» አለችና ሒሳቧን ከፍላ ወጣች።

ከፀጉር የሚቀጥን ሽቦ ከድሮ ዕቃዋ መካከል ነበራት፤ እንዲህ ያለውን ሽቦ ሰው ቢያስነጥስበት ይበጠሳል። ሐሙስ ጠዋት የሞተውን ጥቅል ገፍፋ፣ ባዶውን ፕላስቲክ በማሽኑ ላይ አስራ፣ ሰባት ሺህ ዙር ልትጠመጥም ተቀመጠች። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ጥቅሉ ዐሥር ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ የምትቆጥረው እስከ ሰባት መቶ ነው።

«ሻይ ልፈላልሽ?» አለ ባሏ በበሩ ብቅ ብሎ።

«አራት መቶ ስድስት፣ ስኳር አትጨምር፣ አራት መቶ ሰባት።»

«ብስኩትስ?»

«አራት መቶ ስምንት፣ ሂድልኝ፣ አራት መቶ ዘጠኝ።»

ሳይበጠስ አለቀ። በቴስተሩ ብትነካው መርፌው ቀና አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ በእጇ መዳፍ ውስጥ ነበር።

የተሳሳተችው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቅሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ሥራ እጇ ሳይጠይቃት ያውቀዋል። በጥገና ቤቱ የተጠመጠመ ሞተር ሁሉ ቫርኒሽ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ምድጃ ገብቶ ይጋገራል። ያለዚያ ሽቦዎቹ እየተንቀጠቀጡ ይጮኻሉ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ አድርጋለች። ዓርብ ጠዋትም ያችን ትንሽ ጥቅል ቫርኒሽ ውስጥ ነክራ፣ አንጠፍጥፋ፣ በብረት ሳህን ላይ አድርጋ፣ ወጥ ቤት ያለው ኦቨን ውስጥ ከተተችና ሙቀቱን ለሞተር በሚሆነው ልክ አድርጋ ልብስ ልታጥብ ወጣች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባሏ ጓሮ ድረስ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ምሳችን ምንድን ነው?»

«ምነው?»

«ሽታው ጫማ ጫማ ይላል።»

ሳሙናውን ጥላ ሮጠች። ኦቨኑን ስትከፍተው ጭሱ ፊቷን መታት። ሞተር ብረት ነው፤ ይህ ግን ፕላስቲክ ነበር። ትከሻው ወድቆ፣ ወገቡ ተጣሞ፣ ሰባት ሺህ ዙር ሽቦ ካልሲ መስሎ ሳህኑ ላይ ተኝቷል። ሺህ ዙር ከወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ባሏ መስኮቱን ከፈተላት።

ቅዳሜ ወንድሟ መጥቶ የሆነውን አየ። ክው አለ።

«በቃ እቴቴ። አንድ ሳምንት ነው የቀረኝ። ከሰው ልዋስ?»

«የሰው ጊታር ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይሄዳል። ከዚያስ?»

«ማስትሮ እኮ ጊታር ሞተር አይደለም ብሎሽ ነበር።»

«ልክ ብሏል» አለች። «ፕላስቲክ መሆኑን ግን እሱም አልነገረኝም።»

ወንድሟ ሳይወድ ሣቀ። እርሷም የሣቀውን ሰው ቁጭ አድርጋ የቀለጠውን ነገር በፒንሳ ትበታትን ጀመር። ስድስቱ የብረት ዘንጎች ደኅና ነበሩ። ከሥራቸው የተለጠፈው ማግኔትም ደኅና ነበር፤ ጥቅሉን ስትገፍ ላጥ አድርጋ ለብቻ አስቀምጣው ስለነበር እሳቱ አላገኘውም። የጠፋው ሽቦው የሚጠመጠምበት አካል ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከምን እንደምትሠራው ታውቃለች። በሞተር ውስጥ ሽቦው ብረቱን እንዳይነካ የሚነጠፍ፣ እንደ እንጨት የጠጠረ ቡናማ ካርቶን አለ፤ ሙቀት አይፈራም። ከሱ ሁለት ሞላላ ቁራጮች አወጣች፤ በሞረድ አስተካከለች፤ ስድስት ስድስት ቀዳዳ በስታ ዘንጎቹን አስገባችና አጣበቀች። ከመጀመሪያው ይልቅ ቀጥ ያለ ሆነ።

በዚያ እሑድ ባንዱ ያለ እሱ ተጫወተ፤ ወንድሟ ወደ እርሷ ተመልሶ ሲመጣ፣ ጥቅሉን ማሽኑ ላይ አስራ እጀታውን ሳትነካ ስታስብ አገኛት።

«ምነው? ጨነቀሽ?»

«አይ። ኦቨኑ በጀኝ እያልኩ ነው። በሐሙሱ ሥራ ጥቅሉን እንደ ሌሎቹ ነበር ያዞርኩት። አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው የማዞረው።»

«ለምን?»

«ይህና ጎረቤቱ ጥቅል አብረው ሲሠሩ፣ የመብራቱን ጉርምርምታ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ይስበዋል። ጉልበታቸው እኩል ስለሆነ ባለበት ይቆማል። አይሰማም።»

መምህሩ ወንድሟ ቅንድቡን ሰበሰበ። «እንዲያ ከሆነ የክሩስ ድምፅ አብሮ አይጠፋም?»

«ማግኔቱንም እገለብጠዋለኋ! ሽቦው አንዴ ገለበጠው፣ ማግኔቱ ሁለተኛ ገለበጠው፤ ድምፁ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጉርምርምታው ግን ማግኔት አያውቅም፤ እንደ ተገለበጠ ይቀራል።»

ወንድሟ ከወንበሩ ተነሣ። «ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ፖዚቲቭ! እቴቴ! ይህን ለስምንተኛ ክፍል ለማስረዳት ስንት ዓመት ለፍቻለሁ!»

«ነገ ይዘሃቸው ና» አለች እየሣቀች።

ሰኞ ጠመጠመችው። በዚህ ጊዜ ቫርኒሹን ከጠረጴዛው አራቀችው። ሻማ በቆርቆሮ አድርጋ፣ ቆርቆሮውን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጣ አቀለጠች፤ ጥቅሉን እዚያ ውስጥ ይዛ፣ የአየር አረፋው መውጣቱን እስኪያቆም ጠበቀች። ማክሰኞ፣ የመብራቱ ጉርምርምታ እንዳይገባበት፣ የጊታሩን ሆድ ዕቃ በመዳቡ ወረቀት ለበጠችው፤ ስትጨርስ ውስጡ ከውጪው ይልቅ ያምር ነበር። ረቡዕ መቆጣጠሪያዎቹን፣ መቀያየሪያውንና መሰኪያውን በየቦታቸው አሰረች፤ ደብተሩን ከፍታ ሽቦ በሽቦ በየደች። የእያንዳንዱን ብየዳ ጫፍ በጥፍሯ ጫር ታደርግና «ይዘሃል፤ ቀጥል» ትለዋለች። ሐሙስ የአዲሶቹን መወጠሪያዎች ቀዳዳ በድቡልቡል ሞረድ አሰፋች። ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበትን ስስ ፕላስቲክ አውልቃ፣ ባሏ ከማይጠቀምበት ቢላዋ እጀታ በወጣ አጥንት ተካችው።

«ያ ቢላዋ የአባቴ ነበር» አለ ባሏ።

«አሁን ደግሞ የባንዱ ይሆናል። ዕድገት ነው።»

ወንድሟ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ለመሞከር ቢለማመጣት አልፈቀደችም። ዓርብ ብቻ፣ ክሮቹን አስራ ቃኝታ ከጨረሰች በኋላ፣ ማጉያው ላይ ሰካችው። ድምፁን ወደ ላይ አዞረች፤ አሁንም አዞረች።

ባሏ ከሳሎን ጠየቀ። «መቼ ነው የምትከፍቱት?»

ወንድሟ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እርሷ ግን መቀያየሪያውን በጣቷ ነካ አድርጋ አሳየችው። «እዚህ ላይ፣ ሁለቱ አብረው በሚሠሩበት። ወደ ሌላው ብትወስደው ትንሽ ሹክሹክታ አለ፤ ያን ያህል አይከፋም። ነገ ግን ከዚህ አታነቃንቀው።»

ቅዳሜ አብራው ሄደች። የልምምዱ አዳራሽ ወንበሮቹ ግድግዳ ጥግ ተደራርበዋል፤ ወለሉ ላይ ገመድ እንደ ሐረግ ተጠላልፏል። አንድ ሥርዓት ያለው ወጣት አዲስ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ በፊተኛው ወንበር ተቀምጧል። ሺህ ዙርን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ። ጨዋ መሆኑ ይበልጥ አስፈራት፤ ባለጌ ቢሆን ይቀላት ነበር።

ማስትሮ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ተቀበላት። «እትዬ፣ መውረጃው ደረጃ በዚያ በኩል ነው።»

«አይቼዋለሁ። ግን አያስፈልገንም።»

ማስትሮ እጁን አነሣ። «ሁላችሁም ዝም! ማራገቢያውንም አጥፉት!» ማራገቢያው እየተንገዳገደ ቆመ። ወንድሟ ገመዱን ሰካ፤ የትልቁን ማጉያ መብራት አበራ። ማስትሮ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ማጉያው አስጠጋ። ቆየ። ከበሮ መቺው አንገቱን አሰገገ።

«በርቷል?»

«በርቷል፣ ማስትሮ።»

ማስትሮ እጁን ዘርግቶ አንዱን ክር ነካው። ድምፁ እንደ ደወል ጠርቶ ወጣ፤ ባርኔጣውን የሚያስወልቅ ነበር። ማስትሮ በእርግጥም ባርኔጣውን አወለቀ። «በሉ እስኪ፣ የእሑዱን ከመጀመሪያው።»

ጀመሩ። ሺህ ዙር ከጀርባ በኩል ተቀምጣ የወንድሟን ጊታር ከሌሎቹ ለይታ ሰማችው፤ ይህ ከዚያ በፊት አጋጥሟት አያውቅም። አንደኛው መስመር አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አንዲት ጣት ያለ ቦታዋ አረፈችና የተጣመመ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ማስትሮ ሁሉንም አስቆመ።

«ምንድን ነው እሱ?»

ወንድሟ እንደ ልማዱ ወደ ጊታሩ አቀረቀረ።

«ወደሱ አትይ!» ብላ ጮኸች እኅቱ ከኋላ። «እሱ ንጹሕ ነው!»

ሰው ሁሉ በሣቅ ፈነዳ። ማስትሮ ግን አልሣቀም። «ድገመው» አለ። ደገመው፤ ያው ሆነ። «ይህን ቦታ እንዲህ መጫወት የጀመርከው መቼ ነው?»

«እንዲህ ነው እንጂ፤ ሁልጊዜም። ዐሥራ አንድ ዓመት።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት!» ማስትሮ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጊታሩን ስረግም!»

ወጣቱ በፊተኛው ወንበር ላይ ቀና አለ። ወንድሟ የጊታሩን አንገት ጨብጦ ይጠብቃል። ሺህ ዙር ከመቀመጫዋ ተነሥታ በተጠላለፈው ገመድ መካከል እየተራመደች ወደ መድረኩ ሥር መጣች።

«ማስትሮ፣ የተባባልነው ስለ ጉርምርምታ ነው። ጉርምርምታ አለ?»

«የለም።»

«ክሩ ላላ?»

«አልላላም።»

«የኔ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ጣት መግራት የርስዎ ሞያ ነው። እስካሁን አልሰሙትም፤ አይፈረድብዎትም። አሁን ግን ሰምተውታል።»

ማስትሮ ሳክስፎኑን ከአንገቱ አውልቆ ወንበር ላይ አስቀመጠና ወደ ጊታር ተጫዋቹ ሄደ። የአንዷን ጣት ጫፍ ይዞ አንድ ክር ወደ ታች አወረዳት።

«እዚህ። ተጫወት።»

ተጫወተ። ሳተው።

«ድጋሚ።»

እንደገና ሳተው። ላቡን በክርኑ ጠረገ። በሦስተኛው ጣቲቱ ቦታዋን አገኘች፤ ከበሮ መቺው ሳያስበው በእግሩ ምት ያዘለት።

ማስትሮ ወደ ወጣቱ ዞረ። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ወንበሩ ባለቤት አለው። አንተም ግን አትሂድ፤ ቁጭ ብለህ ስማ፤ ቦታ ሲገኝ ስልክህ እኔ ዘንድ ነው።» ከዚያ ወደ መምህሩ ተመለሰ። «አንተ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ቀጥታ እኔ ቤት። የቤት ሥራ እሰጥሃለሁ።»

«እሺ፣ ማስትሮ።»

«አርፍዶ መምጣት የለም።»

«የለም፣ ማስትሮ።»

«ከሦስተኛው መስመር» አለ ማስትሮ፤ ባርኔጣውን ደፍቶ ሳክስፎኑን ወደ አፉ አነሣ።